ከሙሾ እስከ መጽሐፈ ትዝታ፤ ሟችን በጽሑፍ ስለ መዘከር

በአገራችን ባህል ሰው ያለ ቃል አይቀበርም። ገበሬው በማሳው ቢሞት፣ ወታደሩ በዘመቻ ቢወድቅ፣ እናት በወሊድ ብትቀር፣ መርዶው ከተነገረበት ሰዓት አንሥቶ ስሙን የሚጠራ፣ ሥራውን የሚቆጥር፣ ጠባዩን የሚገልጥ ቃል ይፈለግለታል። ለቅሶውና ሙሾው፣ ፉከራውና ቀረርቶው፣ ተዝካሩና ሙት ዓመቱ ሁሉ በዚህ ፍላጎት ዙሪያ የተሠሩ ሥርዓቶች ናቸው። «ተዝካር» የሚለው ስም ራሱ «ዘከረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መታሰቢያ ማለት ነው። ጠላውና እንጀራው የመታሰቢያው ማጀቢያ እንጂ የመታሰቢያው ምትክ አልነበሩም።

ይህ የካበተ የቃል ሀብት ወደ ጽሑፍ በተሻገረ ጊዜ ምን ይዞ ተሻገረ? ምንስ በመንገድ ጣለ? ጥያቄው ለደራስያን ብቻ የሚተው አይደለም። ማንኛውም ሰው ዕድሜ ከሰጠው አባቱን ወይም እናቱን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ባልንጀራውን መቅበሩ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ ዘመድ ይፈለጋል፤ ወረቀትና እስክሪፕቶ ይሰጠዋል፤ «የሕይወት ታሪኩን ጻፍ» ይባላል። በአንድ ሌሊት የሚጻፈው ያ ወረቀት ለብዙዎች በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ስለ እነርሱ የሚጻፍላቸው ብቸኛው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሂስ የሚገባው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ እንደሆነ አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ከሂስ ዓይን ተሰውሮ ኖሯል።

የቃሉ ውርስ

የጽሑፉን ይዞታ ለመመርመር አስቀድሞ ከጽሑፍ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ሙሾ በግብታዊ ስሜት ብቻ የሚፈስ እንባ አይደለም፤ ሙያ ነው። አልቃሿ ወደ ለቅሶው ቤት ስትደርስ ቤተ ዘመዱን ትጠይቃለች። የሟቹ አባት ማን ይባላል? የፈረስ ስሙ ማን ነበር? ስንት ልጅ አፈራ? ከወንድሞቹ ማን ቀድሞት አለፈ? የሰበሰበችውን ቁም ነገር ስንኝ ከስንኝ፣ ቤት ከቤት እያሰረች ታወርደዋለች፤ ለቀስተኛውም እየተቀበለ ያስተጋባዋል። እንግዲህ የሙሾ ኃይል ከድምፅ ማማር ብቻ የሚመነጭ ሳይሆን ከመረጃ ትክክለኛነትም የሚመነጭ ነው። ሟቹ ዝምተኛ ሆኖ ሳለ ተጫዋች ነበር ብትል፣ ደሃ ሆኖ ሳለ ጎተራው የሞላ ነበር ብትል፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ነውና ለቅሶው ወዲያውኑ ይቀዘቅዛል። አድማጩ ምስክርም ዳኛም ሆኖ ይቆማል።

ሙሾ ሙገሳ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ፣ በሕመሙ ጊዜ ዞር ብሎ ያልጠየቀው ዘመድ ይነካበታል፤ በርስት የተሟገተው ወንድም ይወጋበታል፤ የሟቹ ኃይለኝነት ወይም እጀ ሰባራነት ሳይቀር ለዛ ባለው ቃል ይነሣበታል። ለቀስተኛው እያለቀሰ ፈገግ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ ፈገግታ ነውር ሳይሆን የዕውቅና ምልክት ነው፤ «አዎን፣ እሱ እንዲህ ነበር» የሚል ነው።

የሙሾ ድካሙ ዕድሜው ነው። ከዕለቱ ጋር ይወለዳል፤ ከዕለቱ ጋር ያልፋል። ከጥቂት ዝነኛ ስንኞች በቀር የአልቃሾቹ ስም እንኳ አልቆየም። በየዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያ የሰበሰቧቸው ሙሾዎች የዚህን ሀብት ጥቂት ክፍል ከመጥፋት አድነዋል። ሆኖም በወረቀት ላይ የሰፈረው ስንኝ ዜማውንም፣ ተቀባዩንም፣ ያንን ሁሉ የሚያውቅ ጎረቤትንም አጥቶ የሰፈረ ነው።

ሁለተኛው ውርስ ከግዕዝ ሥነ ጽሑፍ የመጣው ነው። ገድል የቅዱሱን ሕይወት ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ በቅደም ተከተል ያወርዳል። መልክዕ ደግሞ ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን አካል አንድ በአንድ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ሁለቱም የጠለቀ ጥበብ ያላቸው፣ ለዘመናት የተፈተኑ ቅርፆች ናቸው። ዓላማቸው ግን አርአያን ማቆም ነው። ቅዱሱ የሚዘከረው ሰው ሆኖ ስለ ተመላለሰ ብቻ ሳይሆን ከሰው ድካም በላይ ስለ ሆነ ነው። ገድል የሚቀመጥበት ሚዛንና አንድ ልጅ እናቱን የሚዘክርበት ሚዛን አንድ ሊሆን አይችልም። ዛሬ በየለቅሶው የሚነበቡ ጽሑፎች ብዙ ጉድለታቸው የሚመነጨው ይህን ልዩነት ካለማየት ነው፤ የገድሉን ቅርፅ ወስደው ተራውን ሰው በቅዱስ ልክ ይሰፉታል፤ ልብሱም ይሰፋዋል።

ሦስተኛው ምንጭ የኀትመት ዘመን ጅማሮ ነው። በዚህ ረገድ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት የልቅሶ ዜማ ግጥም ምሥጢሩ ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ መሆኑን በአርእስቱ ያውጃል። ይህ አርእስት ብቻውን የዘመኑን ሐሳብ ይገልጣል፤ የአደባባዩን ሙሾ ለመግራት፣ በመጽሐፍ ሚዛን ለማስተካከል የተነሣ ሐሳብ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ደግሞ ምክርንና መታሰቢያን በአንድ አርእስት ያጣምራል። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የሰዎችን ሕይወት በአጫጭር አንቀጾች እየመዘገበ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን የቀረበ ነው። በዚህ ሥራ «የሕይወት ታሪክ» የሚለው ስም በአማርኛ ኀትመት ውስጥ ቦታውን ያዘ። አጭርነት፣ ቅደም ተከተል፣ ማዕረግና ሹመት የዘርፉ ምልክቶች ሆኑ። ለመዝገብነት ዓላማው ይህ ቅርፅ የሚያረካ ነበር። ጉዳቱ የመጣው መዝገቡ ለትዝታ ምትክ ሆኖ በተወሰደ ጊዜ ነው።

በድንኳን የሚነበበው ጽሑፍ

በዛሬው የከተማ ለቅሶ የሕይወት ታሪክ ማንበብ የታወቀ ሥርዓት ሆኗል። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ለቀስተኛው ይሰበሰባል፤ ከቀብሩ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይም በመቃብሩ አፍ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይቆማል። ጽሑፉ ሟቹ ከእናቱና ከአባቱ በየትኛው አውራጃ እንደተወለደ ይጀምራል። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ የተማረበትን፣ ከዚያም የሠራባቸውን መሥሪያ ቤቶች ይዘረዝራል። የልጆቹን ቁጥር ይናገራል። ቀጥሎ የማይቀረው የጠባይ ዐረፍተ ነገር ይመጣል፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ እንግዳ ተቀባይ እንደነበረ ይነገራል። ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ በተወለደ በዚህን ያህል ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱ ተነግሮ፣ ለቤተሰቡ መጽናናት ተመኝቶ ያበቃል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሐሰት ላይኖር ይችላል። ችግሩ ሐሰት መሆኑ አይደለም፤ ችግሩ ስሙ ቢለወጥ ለሌላው ሟች ያለ ምንም እርማት የሚያገለግል መሆኑ ነው። ለሁሉ የሚሆን ቃል የማንም አይደለም። ሙሾዋ የፈረሱን ስም ትጠይቅ ነበር፤ ወረቀቱ የደመወዝ መዝገቡን ይገለብጣል። ሰውዬው አርባ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራ ቢሆን የተሾመበት ቀን ይነገራል፤ ፋይል ሲፈልግ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁጥር ይቆጥር እንደነበር፣ ባለጉዳይ ሲያለቅስበት ከወንበሩ ተነሥቶ ይቆም እንደነበር አይነገርም።

ከሁሉ የሚበደሉት እናቶች ናቸው። የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ቢያንስ በመሥሪያ ቤቶቹ ስም ይቆጠራል። ዕድሜዋን በሙሉ በምድጃና በወንፊት፣ በገበያና በጉልት ያሳለፈች ሴት ግን ሹመት የላት፣ ዝውውር የላት፣ የምስክር ወረቀት የላት፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከልደቷ ወደ ጋብቻዋ፣ ከጋብቻዋ ወደ ልጆቿ፣ ከልጆቿ ወደ ሕመሟ በአራት ዐረፍተ ነገር ይዘላል። ልጆቿ ዶክተርና መሐንዲስ ከሆኑ የእነርሱ ማዕረግ የእርሷን ቦታ ይይዛል። ሳንቲሙን በመቀነቷ ቋጥራ ስንት ክረምት እንዳሻገረች፣ የትኛውን ልጇን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀር ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ጤፍ በተወደደበት ዓመት በምን ቀይጣ እንደጋገረች የሚያውቁት ልጆቿ ናቸው፤ የጻፉት ግን ሌላ ነው። ይህ የቅርፅ ችግር ብቻ አይደለም። የሰፊው ሕዝብ ሥራ ለታሪክ የማይበቃ ነው የሚል የቆየ አመለካከት በቅርፁ ውስጥ ተደብቆ መኖሩን ያመለክታል።

በጋዜጦች ላይ የሚወጡት የሙት ዓመት መታሰቢያዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ፎቶግራፍ፣ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና አንድ አንጓ ግጥም ነው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ በለቅሶ የሚለበሰው የሟች ፎቶግራፍ የታተመበት ካኔተራም ተጨምሯል። ፎቶግራፉ መልኩን ያቆያል፤ የመልክዑን ሥራ ይሠራል ማለት ይቻላል። የሟቹን ንግግር፣ ሐሳቡንና ምርጫውን ማቆየት ግን የጽሑፍ ድርሻ ነው፤ ድርሻውንም እየተወጣ አይደለም።

የአባት ድምፅ

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ መጽሐፍ በአማርኛ አለ። በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባቱን ትረካ በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ ያዘጋጀው ነው። አለቃ ለማ የታወቁ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። መጽሐፉ በሽምግልናቸው ዘመን ያለፉበትን የቤተ ክህነት ትምህርት፣ የመምህራኑንና የደቀ መዛሙርቱን ኑሮ፣ በዘመናቸው ያዩትንና የሰሙትን በራሳቸው አንደበት የሚያወሱበት ነው።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ብልኅነት ጊዜውን መምረጡ ነው። ልጁ አባቱ እስኪሞቱ አልጠበቀም። ትዝታን ከሞት በኋላ ከመልቀም ይልቅ ከባለቤቱ አፍ ተቀበለ። ለቅሶ የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጸጸተው «ምነው ጠይቄው በነበር» እያለ ነው፤ መንግሥቱ ግን ጥያቄውን በሰዓቱ ጠየቀ።

ሁለተኛው ብልኅነት በቋንቋው ላይ ይታያል። መንግሥቱ ለማ በለንደን የተማረ፣ በዲፕሎማሲ ሥራ ሕንድ አገር የቆየ፣ የዘመናዊ ግጥምና ተውኔት ጌታ ነው። የአባቱን ንግግር ወደ ራሱ የጽሑፍ አማርኛ ሊያሻሽለው፣ ሊያርመው፣ ሊያስጌጠው ይችል ነበር። አላደረገውም። የሽማግሌው አነጋገር ከነመዞሪያው፣ ከነድግግሞሹ፣ ጨዋታ ጨዋታን እየጎተተ በሚሄድበት አካሄድ ቀርቷል። አንባቢው ገጹን ሲከፍት ሐተታ አያነብም፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣል። ስለዚህም መጽሐፉ የአንድ ቤተሰብ ንብረት ከመሆን አልፎ ስለ ቅኔ ቤት ሕይወት የሚያጠና ሁሉ የሚመለከተው ምንጭ ሆኗል። የግል ትዝታ በታማኝነት ሲመዘገብ የኅብረተሰብ ታሪክ ይሆናል ለሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው አርእስቱ ነው። «መጽሐፈ» ብሎ ጀምሮ «ዘአለቃ ለማ» ብሎ የሚቀጥለው የግዕዝ አሰያየም ለቅዱሳት መጻሕፍት የተለመደ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ የአንድ የቅኔ መምህርን ጨዋታ በዚህ ስም ሲጠራ ፈገግታም አለበት፤ ቁም ነገርም አለበት። የአባቱን ተራ ትዝታ በመጻሕፍት ተርታ አስቀመጠው፤ አባቱን ግን ወደ ቅዱስነት አልለወጣቸውም።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በትረካው ውስጥ የሚሰማው የአባትየው ድምፅ ነው፤ ልጁ አዳማጭ ነው። በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ርቀት፣ ከቅኔ ቤት ወደ ለንደን የተሻገረው ትውልድ ከሽማግሌው ጋር የተስማማበትና ያልተስማማበት ነገር በትረካው ጎልቶ አይወጣም። ሟችን የሚጽፍ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ የሟቹን ድምፅ ማቆየት፣ ሁለተኛው ሟቹ በእርሱ ሕይወት ውስጥ ምን እንደነበረ መመስከር ነው። መጽሐፈ ትዝታ የመጀመሪያውን ዕዳ በሙሉ ከፍሏል። ሁለተኛውን ለሌሎች ትቷል።

ያልተለቀሰላቸው

ሁለተኛው ዕዳ በከፋ ሁኔታ የተጠየቀበት ዘመን መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር በርካታ ወጣቶች ሲገደሉ ብዙ ቤተሰቦች አስከሬን ተነፈጉ፤ ማልቀስ ተከለከሉ፤ ልጃቸውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ሰው ያለ ቃል አይቀበርም የተባለው ልማድ በጉልበት ተሰበረ። ሙሾው በጉሮሮ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ደርድሮ ያሳያል። ጎብኚው በእነዚያ ፊቶች መካከል ሲያልፍ ዕድሜያቸው ያስደነግጠዋል፤ ምን ያነቡ፣ በምን ይስቁ፣ ከማን ጋር ይከራከሩ እንደነበር ግን ግድግዳው ሊነግረው አይችልም።

ሕይወት ተፈራ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ ያሳተመችው፣ በኋላም «ማማ በሰማይ» በሚል አርእስት በአማርኛ የቀረበው ትዝታ መመዘን ያለበት ከዚህ አኳያ ነው። ደራሲዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ከኢሕአፓ መሪዎች አንዱ ከነበረው ከጌታቸው ማሩ ጋር በፍቅር ተሳሰረች። ጌታቸው በድርጅቱ ውስጥ በተነሣው ልዩነት ተወንጅሎ፣ የታገለለት ድርጅት በእስር ይዞት ሳለ በ1969 ዓ.ም. ተገደለ። እርሷም በደርግ እስር ቤት ዓመታት አሳለፈች። መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ ከሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ነው።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት የሟቹን ሁኔታ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጌታቸው በመንግሥት ቢገደል ኖሮ ድርጅቱ ሰማዕት ብሎ ስሙን በጠራው ነበር። የገደለው የራሱ ወገን ስለ ሆነ ግን ስሙን የሚያነሣለት ወገን አልነበረውም። ለመንግሥት ጠላት፣ ለድርጅቱ ከዳተኛ ሆኖ ከሁለቱም መዝገብ ተፋቀ። እንዲህ ላለው ሟች የቀረው መዝገብ የወደደው ሰው ልብ ብቻ ነው። ደራሲዋ ብዕሯን ስታነሣ የግል ሐዘኗን ከመወጣት በላይ የፈጸመችው ሥራ አለ፤ ሁለት ኃይሎች የነፈጉትን ለቅሶ መልሳ ሰጠችው።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ፍቅሩንና ፖለቲካውን ሳይነጣጥል መያዙ ነው። ጌታቸው በገጾቹ ላይ በአቋሙ ብቻ አይታይም፤ መጽሐፍ የሚያውስ፣ የሚያስረዳ፣ የሚከራከር ወጣት ሆኖ ይታያል። አንባቢው ሲሞት የሚያዝነው ለዚህ ወጣት ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ምንጭ ይወጣል። ተወዳጁ በአብዛኛው የሚታየው በአንዲት ወጣት አድናቆት ዓይን ነውና አንዳንድ ጊዜ ከማማው አይወርድም። የሞተው ሰው በወጣትነቱ ይቀራል፤ የጻፈችው ሴት ግን አርጅታለች። የሠላሳ አምስት ዓመት ርቀት የወጣቷን ፍርድ ይበልጥ ቢፈትነው ኖሮ ሥራው ይበልጥ በጠለቀ ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ መውጣቱም ሊጠቀስ ይገባል። ልጆቻቸውን ያጡት የዚያ ዘመን እናቶች አብዛኞቹ ሊያነቡት የሚችሉት፣ ወይም ሲነበብ ሊሰሙት የሚችሉት፣ ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ጌጥ የሌለው ቃል

የተራውን ሰው ሕይወት በምን ቋንቋ መጻፍ ይገባል ለሚለው ጥያቄ ከሌላ አገር ሥነ ጽሑፍ ትምህርት መቅሰም ይቻላል። ፈረንሳዊቷ አኒ ኤርኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ደራሲ፣ አባቷ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞተ። ሰውዬው በኖርማንዲ ገጠር የእርሻ ቤት አገልጋይ የነበረ፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ፣ በኋላም ኢቭቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ቡና ቤትና ሱቅ የከፈተ ነው። ልጁ ተምራ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሆነች። ትምህርቱ ግን ከአባቷ አነጋገር፣ ከአመጋገቡ፣ ከአለባበሱ አራቃት። ስለ እርሱ ልብ ወለድ ለመጻፍ ጀምራ ነበር፤ ከመንገድ ላይ ተጠየፈችውና ተወችው። በችግር የተገዛን ሕይወት በጥበብ ጌጥ ማሳመር ክህደት መስሎ ታያት። «ላ ፕላስ» የተባለው፣ «ቦታው» ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የሬኖዶ ሽልማት ያገኘው አጭር መጽሐፏ የተጻፈው ጌጥ በሌለው ዝርግ ቋንቋ ነው፤ ለወላጆቿ ደብዳቤ ስትጽፍ ትጠቀምበት በነበረው ዓይነት ቋንቋ። የአባቷን ሰፈር አነጋገር በተለየ ፊደል እያወጣች በመካከሉ ታስገባለች። እናቷ እ.ኤ.አ. በ1986 የማስታወስ ችሎታዋን በሽታ ከነሣት በኋላ ስትሞትም በሳምንታት ውስጥ ጽሑፍ ጀመረች፤ ይህም ሌላ መጽሐፍ ሆነ።

በላ ፕላስና በመጽሐፈ ትዝታ መካከል ያለው ዝምድና ልብ ሊባል ይገባል። በሁለቱም የተማረ ልጅ ባልተመሳሰለ ዓለም የኖረ አባቱን ይጽፋል። በሁለቱም የአባት ቃል እንደ ተነገረ ይቀመጣል። ልዩነቱ አለቃ ለማ በራሳቸው ሥርዓት ሊቅ በመሆናቸው ልጃቸው ቃላቸውን በኩራት ሲቀርጽ፣ ኤርኖ ግን የአባቷን ቃል የምትሰማው ከኀፍረት ጋር ነው፤ እርሱም በአነጋገሩ ያፍር ነበርና። ይህን ኀፍረት ሳትደብቅ በመመዝገቧ መንግሥቱ ለማ የተወውን ሁለተኛውን ዕዳ ከፍላለች። በአገራችንም ከእርሻና ከጉልት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የደረሱ፣ በአስተማሪዎቻቸው ፊት ባዶ እግራቸውን በመጡ እናቶቻቸው ያፈሩ ብዙዎች ናቸው። ያ ኀፍረት በአማርኛ ገና በሚገባ አልተጻፈም።

ይህ ሲባል ዝርግ ቋንቋ ለሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም። የአማርኛ ሐዘን የራሱ ዜማ አለው፤ ትዝታ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ዜማው ከጉዳዩ ቀድሞ ሲመጣ፣ «አንተ ሳትኖር ዓለም ጨለመች» የሚለው ቃል የሟቹን ስም ሳይጠብቅ ሲጻፍ፣ ልቅሶው ለሟቹ መሆኑ ይቀርና ለአልቃሹ ይሆናል።

እውነትና ክብር

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የሚያስቸግረው የእውነት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ስለ ሟች ክፉ ነገር ሊያነሣ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። አባባሉ የጨዋነት ነው፤ መልስ ሊሰጥ የማይችልን ሰው ከመክሰስ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሰዎች አባባሉን የሚናገሩት ከመናገራቸው በፊት እንጂ ዝም ለማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል፤ «አያድርገኝና» ብለው ይቀጥላሉ። ሕዝቡ ክብርንና እውነትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብሮ የሚያስኬድበት ዘዴ አበጅቷል። ጸሐፊው ከዚህ ያነሰ ብልኅነት ሊኖረው አይገባም።

ቁጡ የነበረ አባት ቁጣው ከተፋቀለት ሌላ ሰው ይሆናል፤ ልጆቹም ሲያነቡት አባታቸውን አያገኙትም። ቁጣው ከተጻፈ፣ ከቁጣው በኋላ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን እየጠረገ ዕርቅ ይፈልግ የነበረበትም ሁኔታ መጻፍ አለበት። እውነት ማለት ነውርን መዘርዘር ሳይሆን ሙሉውን ሰው ማቆም ነው። በሕይወት ያሉትን የሚጎዳ የቤት ምስጢር ሲያጋጥም ደግሞ ጸሐፊው መተው ይችላል፤ የተወውን በሐሰት መሙላት ግን አይገባውም። ክፍተት ያለው ጽሑፍ ይታመናል፤ ሁሉም የተሞላበት ጽሑፍ ያጠራጥራል።

እስካሁን ከተመለከትናቸው ሥራዎች የሚወሰዱ ተጨባጭ ትምህርቶች አሉ። ከአልቃሿ፣ ከመጻፍ በፊት መጠየቅን፤ ጎረቤትን፣ የሥራ ባልደረባን፣ የተጣላውን ዘመድ ሳይቀር። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ፣ ስምንና ዓመተ ምሕረትን በትክክል መመዝገብን። ከመንግሥቱ ለማ፣ የሰውዬውን አነጋገር ሳያሻሽሉ መያዝንና ጊዜ ሳያልፍ መጀመርን። ከሕይወት ተፈራ፣ ዘመን ቢረዝምም ምስክርነት እንደማይሻር። ከአኒ ኤርኖ፣ በጌጥ አለመሸፈንን። አንድ ጥያቄም ለፈተና ሊያገለግል ይችላል፤ የሟቹ ስም ከወረቀቱ ቢፋቅ የሚያውቁት ሰዎች ማን እንደሆነ ይለዩታልን? ካልለዩት ጽሑፉ ገና አልተጻፈም።

ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የደራስያን ነው፤ በልብ ወለድና በተውኔት የፈጠሩትን ሰው በጥቃቅን ምልክቶች ሕያው ሲያደርጉ የኖሩ ናቸውና ያንኑ ጥበብ ለእውነተኛው ሟች ሊነፍጉ አይገባም። ቀጥሎ የመምህራን ነው። የአማርኛ መምህር ለተማሪዎቹ «የማደንቀው ሰው» የሚል የተለመደ አርእስት ከመስጠት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ አያቱ ወይም ወደ አንድ የሰፈር አዛውንት ሄዶ አንድ የሥራ ቀናቸውን ከንጋት እስከ ማታ በራሳቸው አነጋገር ጽፎ እንዲመጣ ቢያዝ፣ የድርሰት ትምህርቱም ይጠነክራል፤ ሽማግሌውም የሚያዳምጠው ያገኛል። በየእድሩ ያሉ ጸሐፊዎችም ለመዋጮ ከሚይዙት መዝገብ ጎን ለአባላቱ ትዝታ አንድ ደብተር ቢከፍቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ያን ጊዜ ድንኳን በተተከለበት ሌሊት ወረቀት የሚሰጠው ዘመድ ከባዶ አይጀምርም፤ እናቲቱ ራሷ የተናገረችውን ከደብተሩ ያነባል።